ውሃው መጋቢውን እንዳይውጠው፦ ስለ ጥምቀት ደጅ ላይ የጥሞና ቪዲዮ ስትቀርጹ

የመጀመሪያውን የጥምቀት ቪዲዮ የቀረጽኩት ወንዝ ዳር ነው። ምስሉ አንጀት ያርስ ነበር። ከኋላ ውሃው ድንጋይ እየዘለለ ይወርዳል፤ ከፊት መጋቢው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ቆሟል። ቤት ገብቼ ስከፍተው ግን የሚሰማው «ሹሹሹ» ብቻ ነው። 12 ደቂቃ አስተምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር በቅጡ አይለይም። በኤዲቲንግ ላጸዳው ሞከርኩ፤ ወንዙ ሲቀንስ የመጋቢውም ድምፅ ጣሳ ውስጥ የገባ መሰለ። ደውዬ «እንደገና እንቅረጽ» ስለው ሳቀብኝ። «ዮሐንስ እኮ ያለ ማይክ ነው የሰበከው» አለኝ።

የሚወርድ ውሃ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ባንድ ላይ ይዞ ነው የሚጮኸው። የሰው ንግግር የሚያርፍበትን ቦታ በሙሉ ይሸፍነዋል። ለዚህ ነው በኋላ ነጥሎ ማውጣት የሚያቅተው። ስለዚህ ቦታውን ከዓይናችሁ በፊት በጆሯችሁ ምረጡ። አንድ ሰው ሦስት እርምጃ ርቆ በተለመደ ድምፁ ያንብብላችሁ፤ እናንተ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ለመስማት ከታገላችሁ ቦታው አይሆንም። ወንዙ ረጋ የሚልበትን ጥግ ወይም የሐይቅ ዳር ፈልጉ።

የሚያምረውን ቦታ መተው ካልቻላችሁ አንድ ዘዴ አለ። ተናጋሪውን ከውሃው 20 እርምጃ ያህል አርቃችሁ አቁሙት። ካሜራውን ደግሞ ከእሱ በደንብ አርቁና ዙም አድርጉ። ውሃው ከትከሻው ጀርባ የተጠጋ ይመስላል፤ ድምፁ ግን ሩቅ ነው። ተናጋሪው ጀርባውን ለውሃው ከሰጠ ገላው ራሱ ደረቱ ላይ ላለው ማይክ በመጠኑ ይከልልለታል።

ማይኩን ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ሰኩት። ለንፋስ ጠጉራሙን መሸፈኛ አልብሱት፤ ስፖንጁ ብቻውን ደጅ ላይ ብዙም አያዋጣም። ሸሚዝ ስር መደበቅ ያምራል፣ ግን ጨርቁ ሲፋተግ የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ ድምፅ እያስቀዳሁ የተናጋሪው ደረት ኪስ ውስጥ እከታለሁ። መጀመሪያ ላይ አንዴ ያጨበጭባል፤ ኤዲት ሳደርግ ሁለቱን ድምፅ በዚያ አገጣጥማለሁ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ማይኩን ወደ ውሃው ወስዳችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ውሃውን ብቻ ቅረጹ። በዝግታ ከንግግሩ ስር ታስገቡታላችሁ፤ መጋቢው ዝም ባለበት ቦታ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ወንዙ በፈቀዳችሁለት ሰዓት ብቻ ይናገር።

ብርሃኑ ብዙ አያስቸግርም። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ወይም ልትጠልቅ ስትል ቅረጹ። እኩለ ቀን ላይ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ያብረቀርቅና ስልኩ ፊትን ያጠቁረዋል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። የውሃው ነጸብራቅ ካስቸገረ ፖላራይዘር ፊልተር አዙሩበት፤ ከታች ያለው ጠጠር ብቅ ይላል። ከሌላችሁ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ሌንሱ ፊት ያዙ። ስቃችሁ ይሆናል፣ ግን ይሠራል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፦ የመጽሐፍ ቅዱሱ ክፍል ራሱ ምስሉን ይነግራችኋል። የሐዋርያት ሥራ 8ን ውሰዱ። ጃንደረባው በሠረገላው ተቀምጦ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ እየሄደ ነው፤ ውሃውን ያገኘው በጉዞ ላይ ነው። ታዲያ ለምን ከውሃው ትጀምራላችሁ? ተናጋሪው አቧራማ መንገድ ላይ እየተራመደ ይጀምር፤ ውሃው በመጨረሻ ብቅ ይበል። ማቴዎስ 3 ከሆነ ሰማይ ተከፍቷልና ከራሱ በላይ ሰፊ ሰማይ ተዉለት። ሮሜ 6 ደግሞ መቀበርና መነሣት ነው፤ የረጋ፣ ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል። እዚያ ላይ አንድ እጅ በዝግታ ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ፣ ቆይቶ ሲወጣ፣ ጠብታው ከጣት ጫፍ ሲንጠባጠብ በቅርበት ቅረጹ። እጁ ከወጣም በኋላ ሞገዱ እስኪረጋ ሪከርዱን አታቁሙ። ከንግግሩ በላይ ሰው የሚያስታውሰው ያን ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ምስል ሳታስቡት ትምህርት ያስተላልፋል። በእፍኝ ራስ ላይ የሚፈስስ ውሃ ካሳያችሁ አንድ ነገር ተናገራችሁ፤ ሙሉ ገላ ሲጠልቅ ካሳያችሁ ሌላ። አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ይለያያሉ። የምትቀርጹላቸውን አገልጋይ ቀድማችሁ ጠይቁ።

እውነተኛ ጥምቀት የምትቀርጹ ከሆነ ግን ሁሉ ነገር ይለወጣል። ተጠማቂውን ቀደም ብላችሁ አስፈቅዱ፤ ልጅ ከሆነ ወላጆቹን። የረጠበ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃልና ከደረት በላይ ያዙ፤ ፎጣ የያዘ ሰውም ቅርብ ይሁን። አጥማቂው ጀርባውን እንዳይሰጣችሁ ጎኑን ወደ ካሜራ እንዲያዞር ንገሩት። ወደ ውሃው ሲገቡ ሪከርድ አድርጉ፣ ወጥተው እስኪተቃቀፉ አታጥፉ። «አልተያዘም፣ አንዴ ድገሙት» የሚባል ነገር የለም። ኤፌሶን 4 «አንዲት ጥምቀት» ነው የሚለው። ስለዚህ ሁለት ካሜራ ይኑራችሁ። ሌንሱን ጥረጉ፣ ባትሪውንና ስልኩ ላይ የቀረውን የማስቀመጫ ቦታ (ስቶሬጅ) ቀድማችሁ እዩ። ትራይፖዱንም እርጥብ ድንጋይ ላይ አታቁሙት፤ ማንሸራተቱን እኔ በራሴ ስልክ አይቼዋለሁ።

ከቦታው ሳትነሱ የቀረጻችሁትን በኢርፎን ስሙ። በሁለተኛው ቀረጻችን ማይኩ እንከን አልነበረውም፤ ደስ ብሎኝ ኢርፎኑን ለመጋቢው ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ቀስ ብሎ አወጣውና «ሮሜ 6 ልል ሮሜ 8 ብያለሁ» አለኝ። ትራይፖዱን መልሼ ዘረጋሁ።