ጠዋት ይጥላል፣ ቀትር ላይ ይይዛል፦ የጭቃ ቤት ሽቦ ችግርና መፍትሄ

ክረምት ገብቶ ደብረ ብርሃንን ጉም ሲሸፍናት ስልኬ አያርፍም። «ብሬከሩ ጠዋት ጠዋት ይጥላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይይዛል።» ደዋዮቹ እቃውን ሁሉ ነቅለው ሞክረዋል። ብሬከርም ቀይረዋል። ምስኪን ብሬከር!

ምልክቱ፦ ዝናብ ባደረ ቁጥር 30 ሚሊአምፔር የሆነው ሊኬጅ ብሬከር (ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚያቋርጠው) ይጥላል። አንዳንዴ ግድግዳው ራሱ ይነዝራል።

መንስኤው፦ እኔ ደጋግሜ የማገኘው አንድ ነው፦ ያለ ቱቦ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የሽቦ ቅጥያ። በበጋ ጭቃው ደረቅ ስለሆነ ዝም ይላል። በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ኮረንቲ ያሳልፋል።

አምና ነሐሴ አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። «ልጄ፣ ሦስት ሠራተኛ መጣ፤ ሦስቱም ብሬከር ቀየሩልኝ» አሉኝ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሽቦው ሽፋን ኮረንቲን ምን ያህል እንደሚከላከል ለካሁ (ቁጥሩ ሲያንስ ያፈሳል)፦ 0.01 ሜጋኦም። ከቀኑ 9 ሰዓት ያንኑ መስመር ለካሁ፦ 0.6። ያ ልዩነት ነው ሦስቱን ያሳሳታቸው፤ የመጡት ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ነበር።

«እትዬ፣ ከአልጋው በላይ ልሰብረው ነው» አልኳቸው። ጭዱንና ጭቃውን ስፈለፍል የወጣው በፌስታል የተጠቀለለ ቅጥያ ነው። አዎ፣ በፌስታል! ከሥሩ ያለው ናስትሮ ሙጫው ለቆ እንደ ቅጠል ተገልብጧል፤ መዳቡ አረንጓዴ ለብሷል። ያን ርካሽ ናስትሮ ባይሸጡት ደስ ይለኛል።

እንዴት ይለካል፦ በሜገር (የሽቦ ሽፋን በከፍተኛ ቮልት በሚፈትን መለኪያ)፣ በ500 ቮልት። መልቲሜትር በትንሽ ባትሪ ስለሚለካ «ደህና ነው» ቢላችሁ አትመኑት።

ዋናውን አጥፉ፤ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጡ። የመስመሩን ፌዝም (ኮረንቲ የሚያመጣውን) ኒውትራልም (የሚመልሰውን) ከቦርዱ ንቀሉ። ኒውትራሉን የረሳ ሰው ሜገሩ ዜሮ ያሳየዋል፤ ኒውትራል ትራንስፎርመሩ ጋ ከመሬት የተያያዘ ነዋ። ከዚያ ደህና ግድግዳ ሲያፈርስ ይውላል። ስፒና ሁሉ፣ አምፖል ሁሉ ይውጣ፤ ማብሪያዎቹ ግን በርተው ይቆዩ። አንዴ ዴኮደር ሳልነቅል 500 ቮልት ለቅቄበት ከኪሴ ከፍያለሁ።

ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ አገናኝታችሁ ከኧርዝ (ከመሬት ከተያያዘው ሽቦ) ጋር ለኩ። ቀጥሎ ለያይታችሁ እርስ በርስ ለኩ። ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ወድቋል። ጤነኛ ሽቦ ከዚያ በጣም ከፍ ይላል፤ 1.2 አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው አይገባኝም። ኧርዝ የሌለው ቤት ከሆነ ደጅ እርጥብ መሬት ላይ ብረት ተክላችሁ ከእሱ ጋር ለኩ።

ሜገሩ ሲለካ ሽቦውን እንዳትነኩ። ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ። ከለካችሁም በኋላ ሽቦው ቻርጅ ይዞ ይቆያል፤ ሜገሩ እስኪያወርደው ጠብቁ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ማኅተም ደግሞ በፍጹም አትንኩ።

ቦታውን ለማግኘት መስመሩን ጀንክሽን ቦክሱ (ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሳጥን) ላይ ለሁለት ክፈሉት። ደህና የለካውን ግማሽ ተዉት፤ የወደቀውን እንደገና ክፈሉ። ሦስት አራት ጊዜ ስትከፍሉ አንድ ግድግዳ ላይ ትደርሳላችሁ።

መፍትሄው፦ እንደገና ናስትሮ መጠቅለል አይደለም! አዲስ ሽቦ በቱቦ ይግባ። መቀጠል ግድ ከሆነ ቅጥያው በሞርሴቶ (ሽቦን በብሎን በሚያጠብቅ ማያያዣ) ይታሰር፤ ክዳን ባለው ቦክስ ውስጥም ይሁን። ልስኑ ሲደርቅ ለኩ፤ ዝናብ ባደረ ማግስት ደግሞ በማለዳ ድገሙት። የእትዬን ቤት ስደግመው ሜገሩ 200 ሜጋኦም አለፈ። በጥር ብቻ ለክቶ ሒሳብ የሚቀበል ሠራተኛ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ሌሎቹ፦

ኮርኒስ ውስጥ አይጥ የበላው ሽቦ፦ ያን ቁራጭ ቀይሩ።

ሥዕል ተሰቅሎ በዚያው ቀን ከጣለ፦ ምስማሩን ተመልከቱ።

ሸዋ ሮቢት፣ ቆርቆሮ ሥር፦ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። ስታጥፉት ከተሰነጠቀ አትጠግኑት፤ ቀይሩት።

የሚጥለው ምጣድ ሲሰካ ብቻ ከሆነ፦ ግድግዳውን ተዉት። ሜገሩን ከስፒናው እግሮች ወደ ምጣዱ ቆርቆሮ አድርጉ። ሸክላው ሳምንት ተቀምጦ እርጥበት ከጠጣ ይወድቃል። ፀሐይ ላይ አውሉትና እንደገና ለኩ፤ የኧርዙ ሽቦም ቆርቆሮው ላይ መታሰሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው የማገኘው።