ለደረቀ ወገብ፦ ሳይታገሉ የሚሠራ ዮጋ

ዮጋ ስትሞክሩ መወጠሩ ወገባችሁን ካባሰው፣ ጣልያናዊቷ ቫንዳ ስካራቬሊ ያስተማረችውን ለስለስ ያለ መንገድ ያዙ። ሰውነትን መግፋት የለም፤ ለመሬት ስበትና ለትንፋሽ መልቀቅ ነው።

ምንጣፍ ላይ በጀርባችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ። ተረከዛችሁ ክብደቱን ለወለሉ ይስጥ። ትንፋሽ ስታስወጡ ሁለቱንም ጉልበቶች በዝግታ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጉ፤ ስታስገቡ መልሱ። መሳብ ሲጀምር እዚያው ይብቃ፤ ጉልበት የግድ ወለል መንካት የለበትም። ትንሽ ቆይቶ ወገባችሁ ራሱ ወደ ምንጣፉ ሲወርድ ይሰማችኋል። እኔ በጣም የምወደው ይህቺን ነው።

ጡንቻ በድንገት ሲጎተት ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። በዝግታ ሲሄዱበት ግን ይለቃል።

ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እርግዝናችሁ የገፋ እናቶችም በጀርባ ተኝታችሁ አትሥሩት።