ሲንግል ሳይን ኦን በመሥሪያ ቤት እንዴት ይዘረጋል?

ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ክሊራንስ ቅጹን ይዞ ከንብረት ክፍል እስከ ፋይናንስ ይዞራል። ላፕቶፑን ያስረክባል፣ አይቲ ክፍል ኢሜይሉን ዘግቶ ይፈርምለታል። የደንበኞች መረጃ ያለበት ሲስተም፣ የደመወዙ ፕሮግራም፣ ከቤት ሆኖ የሚገባበት ቪፒኤን ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፓስዎርድ ስላላቸው ክፍት ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የአሜሪካውን ነዳጅ አስተላላፊ ኮሎኒያል ፓይፕላይንን ሥራ ያስቆሙት አጥቂዎች የገቡት ከአገልግሎት ውጪ መሆን በነበረበት አሮጌ ቪፒኤን ነው። ሁለተኛ ማረጋገጫ (ከፓስዎርዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ፣ ለምሳሌ ስልክ ላይ የሚመጣ ቁጥር) አልነበረውም፤ አንድ ፓስዎርድ በቂ ሆነላቸው።

ሲንግል ሳይን ኦን፣ ማለትም በአንድ መግቢያ ሁሉንም ሲስተም መክፈት፣ ብዙ ፓስዎርድ ከማስታወስ ይገላግላል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ሲስተሞቹ ሁሉ አንድ በር እንዲኖራቸው ማድረጉ ነው። አሠራሩ እንደ ድጋፍ ደብዳቤ ነው፦ ሠራተኛው ሲስተሙን ሲከፍት ፓስዎርድ አይጠየቅም፤ የሠራተኞችን አካውንት በአንድ ቦታ ይዞ ማንነታቸውን ወደሚያጣራው ሲስተም፣ ወደ ማንነት አረጋጋጩ ይላካል፤ እዚያ ማንነቱን አረጋግጦ በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ማስረጃ ይዞ ይመለሳል። ማስረጃው የሚጻፍበት ደንብ በአብዛኛው ሳምል 2.0 ወይም ኦፕን አይዲ ኮኔክት ነው።

አረጋጋጩን ለመምረጥ ብዙ አትጨነቁ። ማይክሮሶፍት 365 ካላችሁ ኢንትራ አይዲ (እስከ 2023 አዙር አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይባል የነበረው) አብሮት አለ፤ ጉግል ወርክስፔስም ይህን ሥራ ይሠራል። ኪይክሎክ ነፃ ነው፣ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ ማደሱና መጠበቁ ግን የእናንተ ሸክም ይሆናል። ቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር ነው፦ የምትጠቀሙበት ሲስተም ሲንግል ሳይን ኦንን የሚፈቅደው በየትኛው ፓኬጅ ነው? ብዙ ሻጮች ውድ በሆነው ፓኬጅ ብቻ ነው የሚሰጡት።

ሥራው የሚጀምረው በስም ዝርዝር ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ የሚያስቸግረው ይኸው ነው። «ጸሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል የሰው ሀብት ክፍል በቲ እና ኤስ ሲጽፈው ኢሜይሉ ላይ በኤስ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ አንዱ ሲስተም የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ይዟል። አረጋጋጩ የሚልከው መለያ ሲስተሙ ከያዘው ጋር በአንዲት ፊደል ከተለያየ ሰውየው አይገባም፤ ወይም አዲስ ባዶ አካውንት ይከፈትለትና «ሥራዬ ጠፋ» ይላል። ስለዚህ በመለያነት የማይለወጠውን የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር ተጠቀሙ። ሲስተሙ ኢሜይል ብቻ ከተቀበለ ማንኛውንም ነገር ከማገናኘታችሁ በፊት የሁለቱን ወገን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተካክሉ።

ከዚያ ቢቋረጥ ጉዳቱ ቀላል የሆነ አንድ ሲስተምና ከ5 እስከ 10 ሰው መርጣችሁ አገናኙ። ከአረጋጋጩ የመግቢያ አድራሻውን፣ የራሱን የአረጋጋጩን መለያና ፊርማው የሚረጋገጥበትን ሰርተፍኬት ወስዳችሁ ለሲስተሙ ትሰጣላችሁ፤ ከሲስተሙ ደግሞ የሲስተሙን መለያና ማስረጃው የሚላክበትን አድራሻ ወስዳችሁ ለአረጋጋጩ። ሜታዳታ ፋይል (እነዚህን መረጃዎች አንድ ላይ የያዘ ፋይል) ካላቸው በእጅ አትጻፉ፤ አድራሻው መጨረሻ ላይ የቀረች አንዲት ስላሽ (/) ሁሉን ታበላሻለች። ኢንትራ ላይ በ50011 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ከመጣ አድራሻው አልገጠመም ማለት ነው፤ 50105 ከሆነ ሰውየው ለዚያ ሲስተም አልተመደበም።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ማስረጃው «ጊዜው አልፏል» ወይም «ገና ነው» እየተባለ ውድቅ ከሆነ የሰርቨሩን ሰዓት ተመልከቱ። የሰዓት ቀጠናውን ሳያስተካክሉ ሰዓቱን ብቻ በእጅ የሚያዞሩ አሉ። ስክሪኑ ላይ ልክ ይመስላል፤ ሲስተሙ የሚያሰላው ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ በሰዓታት ይሳሳታል። ቀጠናውን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ አድርጋችሁ ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል ፍቀዱ።

ፈቃድ በሰው ስም አትስጡ፤ «ሂሳብ ክፍል»፣ «መጋዘን» እያላችሁ በቡድን ስጡ። ያኔ ከሂሳብ ወደ ግዥ የተዛወረ ሠራተኛ ከቡድኑ ሲወጣ የድሮ ፈቃዱም አብሮ ይነሳል። ለሁለተኛ ማረጋገጫ በየ30 ሰከንዱ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር የሚያወጣውን የስልክ አፕ ምረጡ፤ ኔትወርክ ሳይኖርም ይሠራል፣ ኤስኤምኤስ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ይቀራል። ለአድሚኖች በዩኤስቢ የሚሰካ የደህንነት ቁልፍ ግዙላቸው፤ አስመሳይ ድረ ገጽ አያታልለውም።

ሁሉን በአንድ በር ማድረግ አደጋም አለው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አረጋጋጩ ስለማይደረስ ቢሮ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ የሚሠራው የሂሳብ ፕሮግራም ሳይቀር ይዘጋል። እንዲህ ያለውን በውስጥ ኔትወርክ ባለ አረጋጋጭ ላይ አቆዩት። 2 የአደጋ ጊዜ አድሚን አካውንቶችም ክፈቱ፤ ረጅም ፓስዎርዳቸው በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፣ ሲገባባቸውም ወዲያው ለኃላፊው መልእክት ይድረስ።

የሳምል ሰርተፍኬት ያልቃል፤ በኢንትራ እንደነበረ ከተተወ ዕድሜው 3 ዓመት ነው። ያለቀ ዕለት ማንም ላይገባ ይችላል። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ደግሞ የሚሄደው ሲስተሙን ላገናኘው አድሚን ነው፤ እሱ ከለቀቀ ማንም አያየውም። የጋራ የአይቲ አድራሻ አስገቡበት።

ሙከራው ለ2 ሳምንት ያለችግር ከሄደ የድሮውን የፓስዎርድ መግቢያ ዝጉ። ይህን የሚዘነጉ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ዋናው በር ተቆልፎ የጓሮው ክፍት ከሆነ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነው።

በመጨረሻ መዝጋቱን ራሱን ፈትሹት። በአረጋጋጩ ላይ አካውንት መዝጋት አዲስ መግባትን ያግዳል እንጂ ስልክ ላይ የተከፈተውን ወዲያው ላያስወጣ ይችላል። አካውንቶችን በየሲስተሙ የሚከፍትና የሚዘጋው ስኪም የሚባለው ደንብ አለ፤ በኢንትራ ግን በየ40 ደቂቃው ገደማ ነው የሚሠራው። የሙከራ አካውንት ከፍታችሁ በላፕቶፕና በስልክ ግቡ፤ ከዚያ አካውንቱን ዝጉ፣ ክፍት መግቢያዎቹንም ሰርዙ፤ እያንዳንዱ ሲስተም በስንት ደቂቃ እንዳስወጣችሁ መዝግቡ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያላስወጣችሁን ሲስተም ሁሉ፣ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ከሚገናኙባቸው የኤፒአይ ቁልፎችና ከጋራ ፓስዎርዶች ጋር፣ በስሙ ክሊራንስ ቅጹ ላይ ጨምሩት፤ አይቲ ክፍል እያንዳንዱን በእጁ ዘግቶ ለየብቻው ይፈርምበት።