«ተበላሸ»ን በምን እንተካው?

በአርትዖት ሥራዬ በቀይ ቀለም አዘውትሬ የማሰምርበት ቃል ቢኖር «ተበላሸ» ነው። ብረቱም ተበላሸ፣ እህሉም ተበላሸ፣ ፍቅሩም ተበላሸ! ትክክለኛውን ግስ ለማግኘት አስቀድመው አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ነገሩን የበላው ምንድን ነው?

እርጥበትና አየር የበሉት ብረት ዛገ። ይህን ግስ ለመዳብ አይስጡት፤ መዳብ አረንጓዴ ይለብሳል እንጂ አይዝግም። ጨርቅ በመለበስ ብዛት ሲሳሳ ነተበ፣ ነጭነቱን ሲያጣ ወየበ፣ ቀለሙ ሲለቅ ደበዘዘ። የቢላዋ ስለት ደግሞ ዶለዶመ።

እህል ነቀዘ። ነቀዝ ፍሬውን ከውስጥ ስለሚበላው ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። «የነቀዘ አስተዳደር» የሚለውን አነጋገር የምወደውም ለዚህ ነው፤ ማኅተሙ፣ ደብዳቤው፣ ስብሰባው ሁሉ በቦታው ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነውን መሥሪያ ቤት ይገልጸዋል። በሩ ተዘግቶ ሠራተኛው የተበተነ መሥሪያ ቤት ግን ፈረሰ እንጂ ነቀዘ አይባልም።

ጸሐፊዎች በብዛት የሚያምታቱት «ተሸረሸረ»ንና «ተቦረቦረ»ን ነው። ጎርፍ አፈርን ከላይ እየጠረገ ይሸረሽራል፤ መቦርቦር ግን ውስጥን ወይም ሥርን ባዶ ማድረግ ነው። ስለዚህ መሪው በአደባባይ የገባውን ቃል በየጊዜው እያጠፈ አመኔታ ካጣ፣ አመኔታው ተሸረሸረ። ምክትሉ በስውር እያሴረ ሥልጣኑን ባዶ ካስቀረበት ደግሞ ሥልጣኑ ተቦረቦረ ቢሉ ሴራው ከግሱ ይሰማል።

ብዛት ሲቀንስ ተመናመነ ይበሉ፤ ደን፣ የዱር እንስሳት፣ በጀት። ጥራት ግን አይመናመንም፤ ያሽቆለቁላል። የሰው ገላ መነመነ፣ የሞቀ ወኔ ሟሸሸ።

የቀረው የፍጥነት ጉዳይ ነው። «ቀስ በቀስ ተሸረሸረ» የሚል ሲገጥመኝ «ቀስ በቀስ»ን ያለ ርኅራኄ እሰርዛለሁ፤ ግሱ ዝግታውን በሆዱ ይዟል። «ፈረሰ» ግን በአንድ ጀምበርም ስለሚሆን ማገዣው ያስፈልገዋል። ሂደቱን ማሳየት ሲፈልጉ «እየ»ን ያስቀድሙ፦ ጉዳቱ እስከ ዛሬ የዘለቀ ከሆነ «እየነተበ መጥቷል»፣ ታሪኩ ያለፈ ከሆነ «እየነተበ ሄደ»።