በወፍ ዋሻ ደን የእግር ጉዞ እንዴት ይመራል?

ሰው ይዞ ደን መግባት ቀላል ይመስላል። ግን ሰው “ደስ ይላል፣ አረንጓዴ ነው” ብቻ ብሎ ከወጣ ደኑን አላየውም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እንደ ወፍ ዋሻ ያለ የተፈጥሮ ደን ብዙ አልቀረም። ስለዚህ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው አራት ዛፍ በደንብ ለይቶ ይውጣ።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ይመቻል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዳገቱ ያንሸራትታል። ከአዲስ አበባ የሚመጡትን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን አሳድራችሁ በማለዳ ውጡ። ብርድ ስላለ ጋቢ ወይም ጃኬት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ፈቃድ ጠይቁና የአካባቢ ሰው ለአስጎብኚነት ያዙ። ከአስጎብኚው ጋር ቀድማችሁ መንገዱን ሂዱበት። “ጋሼ፣ ይቺ ዛፍ ለምን ትሆናለች?” ብላችሁ ጠይቁ፤ መጽሐፍ ያልጻፈውን ትሰማላችሁ። ከአስር ሰው በላይ ባትይዙ ይሻላል፤ ከኋላ ያለው አይሰማም።

አሁን ዋናው ሥራ። በየዛፉ ቁሙ፣ ቅጠሉን አስነኩ፣ አሽትቱ።

ከጥድ ጀምሩ። የትልቁ ጥድ ቅጠል ትንንሽ ቅርፊት ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ይለጠፋል፤ የለጋው ግን ይወጋል። ዝግባ ቅጠሉ ረዘም፣ ጠንከር ያለ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካሳያችሁ ማንም አይረሳም። የወይራን ቅጠል ገልብጡት፤ ጀርባው ቡናማ ነው። የጠላ ጋን የሚታጠንበት እንጨት ይሄው መሆኑን ስትነግሩ የሁሉም ፊት ይፈካል።

ከዚያ ወደ ላይ ውጡ። ኮሶ የሚበዛው ከፍ ሲል ነው። ካበበ ሴቴውና ወንዴው ለየብቻ መሆናቸውን አሳዩ፤ ቀላ ያለ፣ የተንዠረገገ አበባ ያላት ሴቴዋ ናት። ለኮሶ ትል መድኃኒት ሆና የኖረችውም እሷ ናት። ከዚያ በላይ ደኑ እያጠረ ሄዶ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ይተካዋል። ከፍታ ዛፉን እንዴት እንደሚለውጥ በእግር የሚታየው እዚህ ነው፤ ይህን ሳታሳዩ አትመለሱ።

በመንገድ ላይ ጉሬዛ ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የምኒልክ ድኩላ ግን ዓይን አፋር ነው፣ ቃል አትግቡ። ወፍ ወዳድ ካለ ገደሉ አፋፍ ላይ የአንኮበሯን ሴሪን ይፈልግ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ሳይንስ ስም የሰጣት የኢትዮጵያ ብቻ ወፍ ናት።

ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ እሳት አታንድዱ። ጉም መውረድ ከጀመረ የቀረውን ትታችሁ በመጣችሁበት መንገድ ውረዱ።