«ወተትሽ ቀጭን ነው» ሲሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?

የመጀመሪያ ልጄ በተወለደች በ4ኛው ሌሊት አልተኛ አለች። ትጠባለች፣ ትንሽ ታሸልባለች፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ታለቅሳለች። ግራ ሲገባኝ የእናቶች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። መልሱ ጎረፈ። «ወተትሽ ቀጭን ነው።» «ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫት።» «የዱቄት ወተት ጀምሪላት፣ የኔው በአንድ ቀን ለጥ አለ።» ከሥሩ ደግሞ ሌላዋ፣ «የዱቄት ወተት የምትሰጥ እናት አይደለችም» አለች። እያለቀስኩ ነጋ።

ልጅሽ ስንት ቀኗ ነው ብላ የጠየቀችኝ አንድም አልነበረችም። አሁን ሁለተኛዬን እያጠባሁ ስለሆነ፣ ያኔ ማንም ያላለኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ዳይፐሩን እዪ። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 6 ጊዜ በደንብ ከሸና ወተት እየገባለት ነው። እኔ አልጋዬ አጠገብ ደብተር አስቀምጬ በሸናች ቁጥር አንድ መስመር አሰምር ነበር። ቀጥሎ ሚዛን። ልጄ ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች። በዚያ ሌሊት ማግስት ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ ልብሷን አስወልቃ መዘነቻት፤ 2.9። ደነገጥኩ። እሷ ግን ካርዱን እያሳየችኝ፣ «በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳሉ፤ ወተትሽ ገና እየገባ ነው። ቶሎ ቶሎ አጥቢያት» አለችኝ። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የተለመደ ነው፤ ሌሊቱም ይቆጠራል። በ12ኛው ቀን 3.2 ገባች። ወተቴ ቀጭን አልነበረም።

ምክር ሲሰጡሽ ደግሞ፣ «ያኔ ልጅሽ ስንት ወሩ ነበር?» በይ። አንዷ አጥሚት በጡጦ ስጪው እያለች ለአንዲት አራስ ትሟገት ነበር። ስጠይቃት ልጇ 8 ወሩ ነው። የዚያችኛዋ ገና 2 ወሩ! እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ሌላ ውሃም አያስፈልገውም፤ ሙቀት ቢሆንም፣ ምክንያቱም የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው። እንገሩን አውጥተሽ ጣዪ ካሉሽ አትስሚ፤ በሽታ የሚከላከልለት እሱ ነው። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ፤ ለትልቅ ሰው ምንም የማይለው ጀርም ሕፃን ላይ ከባድ መመረዝ ያመጣል።

ከትልልቆች ጋር አትጣዪ። አማቴ ለቁርጠቷ ብለው የአብሽ ውሃ ይዘው መጡ። «ሰባት አሳድጌያለሁ» አሉኝ፤ አሳድገዋል። «እማማ፣ ሐኪሟ እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ከልክላለች። አብሹን ለኔ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። በማር በጥብጠው አጠጡኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለኔ የሚሆን ነገር ሳይዙ መጥተው አያውቁም። ልጄም ቅቤ ሳትውጥ 6 ወሯን ደፈነች።

የዱቄት ወተትን ነገር ሳስብ አሁንም ያመኛል። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ጎረቤቴ ሥራ ስትመለስ ወተቷ ቀነሰና የዱቄት ወተት ጀመረች። ስድቡን ስላየች ማንንም አልጠየቀችም። ጣሳው እንዲበረክትላት ሁለት ማንኪያ በሚገባበት ውሃ አንድ ታደርግ ነበር። ልጁ ኪሎ መጨመር አቆመ። ያንን ልጅ የጎዳው የዱቄት ወተቱ አይደለም፤ እናቱ ለመጠየቅ መፍራቷ ነው። አንቺም ከጀመርሽ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ልክ አትለፊ፣ አታሳንሺም። ውሃው ይፍላ፣ ጡጦው ይቀቀል፣ ጠጥቶ የተረፈውን ድፊው። ማለብ ከቻልሽ የታለበው ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሌላዋ ስትሰደብ ካየሽ ደግሞ ዝም አትበዪ፤ በውስጥ መስመር «እንዴት ነሽ?» በያት።

ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ፣ ከእንቅልፉ አልነሳ ካለ፣ ሰውነቱ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ግሩፕ ላይ አትጻፊ። ማንም እስኪመልስልሽ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ታክሲ ጥሪና ይዘሽው ሂጂ።