ኩላሊት ተተክቶላችሁ ከድሬ የምትወጡ፣ ስለ ልባችሁ ስሙኝ

ድሬዳዋ ለእረፍት ከመጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። በዚህ ሦስት ሳምንት አንድ ጥያቄ ለስንት ሰው እንደመለስኩ ቆጥሬ አልጨርስም። «ንቅለ ተከላ ተሠርቶልኛል፣ ፕሮሰሴ አልቋል፣ ውጭ ስሄድ ምን ልጠንቀቅ?» ከሳቢያን ደውለው የጠየቁኝ አሉ። ሚኒባስ ይዞ ከሐረር ድረስ የመጣም አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ንቅለ ተከላ ከጀመረ ወዲህ ከእኛ ሰፈር እንኳ የተሠራላቸው ጥቂት አይደሉም። እኔም ከተሠራልኝ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ስድስቱን የኖርኩት አሜሪካ ነው። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው።

እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን የትናንቱ ነው። መጋላ አንዲት እናት ልጠይቅ ገባሁ። ልጃቸው ኩላሊት ከእህቱ አግኝቶ አምና ወደ ውጭ አገር ወጣ። በአምስተኛው ወር ልቡ ጣለው። እማማ ቡናውን ቀድተው ሲኒውን ሳያቀብሉኝ እጃቸው ላይ እንደያዙት ቀሩ። «ልጄ፣ ኩላሊቱ ደህና ነው አሉኝ። ታዲያ ልብ ከየት መጣ?»

ልቡ ድንገት አልታመመም፣ እማማ። ኩላሊት ሲደክም ግፊት ይወጣል፣ የደም ሥር ይደነድናል። የኩላሊት እጥበት ላይ የቆየ ሰው ልቡ ለዓመታት ሲለፋ ከርሞ ነው ወደ ንቅለ ተከላው የሚገባው። አዲሱ ኩላሊት ያንን ጉዳት አይፍቀውም። በዚያ ላይ ሰውነታችን አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚጠብቁልን መድኃኒቶች አሉ። ፕሬድኒሶሎን ስኳርና ክብደት ይጨምራል። ታክሮሊመስ ስኳርም ግፊትም ያመጣል። ሳይክሎስፖሪን ግፊትና ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። እነሱን ማቋረጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የተተካላቸው ኩላሊት እየሠራ ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹን የሚወስደው የልብና የደም ሥር በሽታ የሆነው ለዚህ ነው። ከእኛ መሀል ክሬቲኒኑን፣ የኩላሊቱን ሥራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ቁጥር፣ በቃሉ የማያውቅ የለም። ግፊቱን ስትጠይቁት ግን ዝም ይላል። የሚያናድደኝ ይህ ነው።

በመጀመሪያ መድኃኒት። ቢያንስ የሦስት ወር ይዛችሁ ውጡ። የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጃችሁ ይሁን። ከነዕቃው፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር። ሦስት ወር የምለው አጋንኜ አይደለም። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ ኢንሹራንስ፣ ከዚያ ጠቅላላ ሐኪም፣ ከዚያ ሪፈራል፣ ከዚያ የንቅለ ተከላ ክሊኒክ ነው። ክሊኒኩ ወረቀታችሁ አልደረሰንም ይላል። ጠቅላላ ሐኪሙ በፋክስ ልከናል ይላል። አዎ፣ ዛሬም ፋክስ። እኔ ሰባት ሳምንት ጠብቄያለሁ። በየሁለት ቀኑ ደውሉ፣ አትፈሩ። ክሊኒኩ ውስጥ የታካሚን ጉዳይ የሚከታተል ሶሻል ወርከር አለ፣ በስሙ ጠይቁ። አስተርጓሚም በነጻ አለ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ይዛችሁ ስለ ልባችሁ አታስተረጉሙት፣ በጣም ነውር ነው።

ሰዓት ላይ ደግሞ አደራ። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደው ዓይነት ከሆነ፣ ጠርሙሱ ላይ 8 ብሎ የተጻፈው የእነሱ 8 ነው፤ የእኛ 2 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ 8 ሰዓት ላይ ሲውጥ የከረመ ሰው አውቃለሁ። የታክሮሊመስ መጠን ለመለካት ደም የምትሰጡ ቀን የጠዋቱን ክኒን ሳትወስዱ ሂዱ፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ትወስዳላችሁ። ክኒኑን ውጣችሁ ከሄዳችሁ በደማችሁ ያለው መጠን ከፍ ብሎ ይታይና ሐኪሙ ይቀንስባችኋል። ካናዳና እንግሊዝ የምትሄዱ ክሬቲኒናችሁ 115 ሲባል እንዳትደነግጡ። መለኪያው ሌላ ነው፣ በ88 አካፍሉት፣ 1.3 ይሆናል።

ግፊት። በክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ የመጀመሪያው ወር ላይ ግዙ። ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት ብል ደስ ይለኛል። ለእጥበት የተሠራው የደም ሥር ያለበት ክንድ ላይ ግን አትሰሩት፣ በሌላኛው ነው። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ፣ ሳታወሩ ለኩ። ጻፉት። ለእኛ የሚፈለገው ከ130 በ80 በታች ነው። «ራሴን አላመመኝም» የሚል መልስ አልሰማም፤ ግፊት ራስ ሳያምም ነው ልብ የሚጨርሰው።

አሁን ወደ ጨው። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ እኔ ልሞት የነበረው እዚህ ላይ ነውና።

ሐኪሜ ጨው ቀንሺ አለችኝ። በቀን በጠቅላላ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች፣ 5 ግራም። እኔም ታዛዥ ነኝ። ሱፐርማርኬት ሄጄ «ሶዲየም የሌለው ጨው» የሚል ቆንጆ ጣሳ አገኘሁ። የልብ ሥዕል አለበት። ደስ አለኝ። ወጡ ላይ፣ እንቁላሉ ላይ፣ ፉሉ ላይ እንደልቤ ነሰነስኩ፤ ጤናማ ነው ብዬ። ለሐኪሜ እንኳ አልነገርኳትም፤ ጨው ነው፣ መድኃኒት አይደለም፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

በሦስተኛው ሳምንት እግሬ ዛለ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ የሌላ ሰው ሆነ። ልቤ አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይቆማል። ድካም ነው ብዬ ሥራ ገባሁ። እንደ ዕድል በማግስቱ የደም ምርመራ ቀኔ ነበር። ማታ ስልክ ተደወለ። «አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ራስሽ መኪና እንዳትነጂ።» በደሜ ያለው ፖታሲየም፣ ሲበዛ ልብ የሚያቆመው ንጥረ ነገር፣ 6.7 ገብቷል። ጤነኛ ሰው ከ5 ብዙም አያልፍም። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ፣ በደም ሥር ካልሲየም ሰጡኝ፣ ከዚያ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር። ነርሷ ስክሪኑ ላይ የልቤን መስመር አሳየችኝ። ጫፉ እንደ ድንኳን ሹል ብሎ ቆሟል።

ጣሳው ውስጥ ያለው ፖታሲየም ክሎራይድ ነበር። ሶዲየሙን አውጥተው ፖታሲየም ነው የሚተኩበት። ሩብ የሻይ ማንኪያው ብቻ ከ600 ሚሊ ግራም በላይ ፖታሲየም አለው። ለጎረቤቴ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ታክሮሊመስ ለሚወስድ ሰው ግን ፖታሲየም በራሱ ከፍ ይላል። ለግፊት የምወስደው ሊሲኖፕሪልም ከፍ ያደርገዋል። በሁለቱ ላይ እኔ በማንኪያ ጨመርኩበት። ልቤን አድናለሁ ብዬ ልቤን ላቆመው ነበር። ስለዚህ ጣሳውን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። ፖታሲየም የሚል ካለ መልሳችሁ አስቀምጡት። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ሚጥሚጣ አለን። ለምላስ ብልሃት የጠፋው ሰው ከድሬ አልወጣም።

እውነተኛውን ጨው ደግሞ እዚያ የምታገኙት በጨው ዕቃ ውስጥ አይደለም። ዳቦ ውስጥ፣ የታሸገ ሾርባ ውስጥ፣ የሾርባ ኩብ ውስጥ፣ የተጠበሰ ዶሮ ውስጥ ነው። አሜሪካ ላይ ሶዲየም ተብሎ በሚሊ ግራም ይጻፋል፤ የቀኑን 2,000 አታሳልፉ፤ ያው 5 ግራም ጨው ማለት ነው። አውሮፓ ላይ ጨው ተብሎ በግራም ነው። ከአገር ቤት የሚላክላችሁ ሽሮም አለ። ሲፈጭ ጨው አብሮ ይገባል፣ ከዚያ እናንተ ድስቱ ላይ ትደግማላችሁ። ላኪዋን ለይታ ያለ ጨው እንድታስፈጭ ንገሯት። እናቶች አይቀየሙም፣ ምክንያቱ ከተነገራቸው።

ስለ ጫት ዝም እንድል የመከረኝ ሰው አለ። አልልም። ድሬ ተወልጄ አድጌያለሁ፣ በርጫ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጫት የልብ ምት ያፋጥናል፣ ግፊት ያወጣል፣ የደም ሥር ያጠብባል። ከጎኑ ሲጋራው፣ የጨው ኦቾሎኒው፣ ለስላሳው አለ። የተተከለ ኩላሊት ይዞ የሚቅም ሰው እህቱ የሰጠችውን እየቃመ ነው፤ ሌላ ቃል የለኝም። እንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ ከልክሏል፣ አሜሪካና ካናዳም ክልክል ነው። ደርቆ በፖስታ ይመጣል የሚላችሁን አትስሙ።

ፋርማሲ ውስጥ ያለ ማዘዣ መደርደሪያ ላይ የምታዩት የሕመም ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌን፣ ለእኛ አይሆንም። ኩላሊቱንም ይጎዳል፣ ግፊቱንም ያወጣል። ፓራሲታሞል አሜሪካ ውስጥ ታይሌኖል ይባላል፣ እሱን ጠይቁ። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም አይቡፕሮፌን ተደብቆ ሊገባ ይችላል፣ ፋርማሲስቱን ሳታናግሩ አትግዙ። ሐኪም ክላሪትሮማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሲጽፍላችሁ «ንቅለ ተከላ አለኝ» በሉ፤ ታክሮሊመሱን ከልክ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ግሬፕፍሩትም እንዲሁ፣ ጭማቂውም ጭምር። ጥቁር አዝሙዱንም፣ አብሹንም ለመድኃኒትነት ከመውሰዳችሁ በፊት ለክሊኒኩ ተናገሩ። የኮሌስትሮል ክኒን ከታዘዘላችሁ ደግሞ ኮሌስትሮሌ ደህና ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ለእኛ የሚሰጠው ልብ ለመጠበቅ ነው። ሳይክሎስፖሪን የምትወስዱ ግን ሲምቫስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል ክኒን አብሮ እንዳይሰጣችሁ አረጋግጡ።

የእማማን ልጅ ነገር እዚህ ላይ ልጨርስ። ሦስት ቀን «ጨጓራዬ ነው» ሲል ነበር። እኛ ሁሉን ነገር ጨጓራ እንላለን። ደረቱ ሥር ይጫነዋል፣ ያልበዋል፣ ትንሽ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥረዋል። አብረውት የሚኖሩት ልጆች የጨጓራ ክኒን ገዙለት፣ ወተት አጠጡት። አምቡላንስ ያልጠሩት ሂሳቡን ፈርተው ነው። ስኳር ላለበት ሰው የልብ ሕመም ደረት ሳይወጋ ሊመጣ ይችላል፤ ላብና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ። እንዲህ ከሆናችሁ አሜሪካና ካናዳ 911፣ አውሮፓ 112፣ እንግሊዝ 999 ደውሉ። ሂሳቡ በኋላ ይከፈላል፣ ይቀነሳል፣ ሶሻል ወርከሯ ትከራከርላችኋለች። አሁን የልቡ ሥር ተከፍቶለት ቤቱ ገብቷል፣ በስልክም አግኝቼዋለሁ። ግፊቱን ጠየቅኩት። «128 በ76» አለኝ፣ ሳያስብ።

ማክሰኞ እመለሳለሁ። እማማ ዛሬ ጠዋት ሁለት ኪሎ ሽሮ ይዘውልኝ መጡ። ላስቲኩ ላይ በእስክሪብቶ «ጨው የለውም» ብለው ጽፈውበታል። ቀምሼዋለሁ፣ እውነትም የለውም።